እትዬ ስመኝ ያስተማሩኝ ክፉ ቃላት

እትዬ ስመኝ መሞታቸውን የሰማሁት ከሰው አይደለም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሕንጻችን መግቢያ መስታወት ላይ ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በዕብራይስጥ ነው። ስማቸው፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ልቅሶ የሚቀመጡበት ቤት። ከወረቀቱ አጠገብ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመው ለአንዲት ሴት «ስኳር ነው፤ ስኳር ነው የገደላት፣ ሚስኬና» ይሏታል። ሚስኬና በዕብራይስጥ ምስኪን ማለት ነው። እትዬ ስመኝ በሕይወት ሳሉ ግን ከእኚህ ሴት አፍ የማይጠፋው ቃል ሌላ ነበር፤ «ሜሹጋአት»። እብድ።

እኔ ሊአት እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሐደራ፣ ነቬ ሐይም ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ነው። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን፤ እትዬ ስመኝ ከልጃቸው ከዳኒ ጋር አራተኛ። በክፍሌ ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ስድስት ልጆች አለን፤ ከስድስታችን ስሙን በፊደል መጻፍ የሚችል ከእኔ በቀር የለም። እኔ ደግሞ ስሜን ብቻ አይደለም፤ ይኸው ገጽ እየሞላሁ ነው! ከልቅሶ ቤት መጥቶ ደስ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ብዕሩ እንዲህ ሲታዘዝልኝ ደስታዬን የት ላድርገው? እሳቸውም ቢሆኑ «ደስታሽን አትደብቂ፤ የሚያስደብቁሽ ሌላ ነገር ሞልቷል» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ስመኝ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት አንዷ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንደኛው ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ያለ። የትከሻው ነገር ከሥራ የመጣ ነው፤ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ከዚያ ስኳር መጣ፤ ስኳሩ ዓይናቸውን አደከመው። ነገር ሲያበቃላቸው የጣታቸውን ቀለበት በረንዳው ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብትለምኚ፣ ብታለቅሺ፣ ወሬው አይቀጥልም።

ወደ እሳቸው ቤት መውጣት የጀመርኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ወደ እስራኤል የመምጫ ተራቸውን የሚጠብቁ አንድ ወንድም ነበሯቸው፣ ጋሼ መልኬ። ዘወትር ዓርብ ቀትር ላይ ይደውሉላቸዋል። ዓይናቸው የስልኩን ቁጥሮች መለየት ሲያቅተው እማዬን «ልጅሽን አውሺኝ» አሏት፤ ዳኒ ዓርብ ዓርብ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። እኔንም «በነጻ አይደለም» አሉኝ። «አንቺ ስልክ ትደውዪልኛለሽ፣ እኔ ፊደል አስቆጥርሻለሁ።» አባታቸው የገጠር አስተማሪ ነበሩና ፊደሉን ከእሳቸው ነው ያገኙት።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ላም»፣ «ቤት» እያለ ይጀምር ነበር። የእትዬ ስመኝ የመጀመሪያ ቃል «ሐሜት» ነው። ሁለተኛው «አሽሙር»። ሦስተኛው «ግልምጫ»።

«እትዬ፣ ለምን ቆንጆ ቃል አያስተምሩኝም? ላም ለምሳሌ?» አልኳቸው።

«ነቬ ሐይም ውስጥ ላም አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ሐሜትስ?»

ሳቅሁ።

«እንግዲህ ያለውን ጻፊ» አሉኝ።

በወፍራም ጥቁር ማርከር ነበር የምጽፈው፤ በብዕር ከጻፍኩት አይታያቸውም። አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ቃል በላይ አይገባም። ደብተሬን ያገኘ ሰው ለጠብ የምዘጋጅ ይመስለው ነበር።

«ድ» ላይ የደረስን ዕለት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ፣ ወደ ኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች አዞሩና «ድ፣ ብ፣ ር፣ ት። ጻፊ፤ ትልቅ አድርገሽ» አሉኝ። ጻፍኩ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ።

«ዲካኦን ማለት ነው?» አልኩ። ቃሉን ትምህርት ቤት ውስጥ በዕብራይስጥ ሰምቼው ነበር።

«ዶክተሯ እንደዚያ ትለዋለች። ኪኒንም አለው።»

«በጣም ስታዝኚ ማለት... ይቅርታ፣ በጣም ሲያዝኑ ማለት ነው?»

«ኀዘን ቢሆንማ ባለቀስኩት። ስሚ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ውኃ የጠጣ አንሶላ ከማሽኑ ሲወጣ አንዷ ሴት ብቻዋን አታነሣውም። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ ሌላዋ። ሁለት እንሆናለን። ይሄ በሽታ ሲመጣብኝ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እኔው ራሴ ያ አንሶላ ነኝ። ጫፌን ይዤ ልነሣ እላለሁ፤ ሌላኛዋ ሴት ግን የለችም።»

ቀለበታቸው ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ። አለቀ።

አሁን የሰፈሩን ሥራ ልንገራችሁ፤ ይሄን ስጽፍ እጄ ይበላኛል። እትዬ ስመኝ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል ገብተው ሲወጡ ቤታቸው በጠያቂ ይሞላል። እትዬ ዘነበች ራሳቸው አንድ ካርቶን ሙሉ የብርቱካን ጭማቂ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ለስኳር በሽተኛ! እትዬ ስመኝ «ፈጣሪ ይስጥልኝ፣ ቶሎ እንድሞት ነው?» ሲሉ ሁሉም ይስቃል። ድብርቱ ሲመጣባቸው ግን ያ ደረጃ ዝም ይላል። እትዬ ዘነበች እሳቸው የያዙትን የደረጃ ብረት በሳሙና ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። «ይጋባል እንዴ?» ብላቸው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብለው ገላመጡኝ። (ግልምጫ። መጻፍ እችላለሁ።) ዛር ነው ያለች አለች። መዙዛው፣ በር መቃን ላይ የሚሰካው የኦሪት ጽሑፍ፣ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ይመርመር ያለም አለ። እትዬ ስመኝ ለዚህኛው በሩን በርግደው መለሱ፤ «መዙዛዬ ደህና ነው። የታመመው በሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

እማዬም ያው ናት። «ሂጂ፣ ግን እዚያ አትብዪ። ነገ የሚያጭሽ ሰው ሰባት ቤት ሲያስቆጥር 'እዚያ ቤት የምትውለዋ ልጅ ናት' እንዳይባል» ትለኝ ነበር። በሽታውን ቆጥሮ እኔ ድረስ ለማድረስ ሰባት ቤት አላስፈለጋትም፤ ሁለት ፎቅ በቃት።

አንድ ክረምት ሙሉ ሁለት ወር ከመኝታ ክፍላቸው አልወጡም። የመኝታ ቤታቸውን በር አንኳኩቼ ዝም ሲሉኝ ልመለስ ስል ከውስጥ በቀጭን ድምፅ «አታንኳኪ። መቅረትም ግን አትቅሪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ለጋሼ መልኬ ደውዬ «ትንሽ አሟቸው ነው» እላለሁ፤ ከዚያ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን በበሩ ሥር አሾልኬ እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት ምንም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት ተመልሶ ወጣ። «ምቀኛ» ብዬ ጽፌ «ኛ»ን ተሳስቼ ኖሮ በማርከር ከበውታል። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ያንን ወረቀት አሁንም አለኝ። ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት የእኔን «ኛ» ለማረም ተነሣች እያልኩ ለማን ልንገር? ለእናንተ ነገርኳችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ዳኒ ደረጃ ላይ አስቆመኝ። ዳኒ ያኔ ሠላሳ አምስት ገደማ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እናቱን ይወዳል፤ ይሄን አስቀድሜ ልጻፍ፤ በኋላ እንዳትጠሉት።

«ሊአት፣ አጎቴ መልኬ ሞቱ» አለኝ።

«መቼ?»

«ያለፈው ቅዳሜ፣ ጎንደር። እማዬ አታውቅም። አታውቅምም፣ ገባሽ? ነገ ስትደውዪ የመጨረሻዋን ቁጥር ቀይሪያት። መጨረሻው ሰባት ሰባት ነው፤ ሰባት ስምንት አድርጊው። ማንም አያነሣም። 'መስመር የለም' በያት።»

«ዳኒ፣ ወንድማቸው እኮ ናቸው።»

«ባለፈው ክረምት አንቺ በር ላይ ነበርሽ። እኔ ውስጥ ነበርኩ። በማንኪያ ነው ያጎረስኳት። ይሄን ከሰማች አትነሣም። በቃ፣ ሊአት። በቃ።»

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። «ቤሴደር» አልኩት። እሺ ማለት ነው። ይህቺን ቃል መልሼ ለመዋጥ ስንት ነገር በሰጠሁ።

በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው። ሽማግሎችና ዘመዶች ተሰብስበው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳሉ፤ የሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር። ለታላቅ እህታቸው ለእትዬ ትሁን እዚሁ ሐደራ፣ ናሕሊኤል ሰፈር፣ ሽማግሎቹ ሄደው በወጉ አረዷቸው። የእትዬ ስመኝን በር ያንኳኳ የለም። ሰባቱ ቀን ልቅሶ እህትየው ቤት ተቀመጡ። የሕንጻችን ሴቶች በሙሉ በአውቶቡስ እየሄዱ ለቅሰው ይመለሳሉ፤ ግን እትዬ ስመኝ ከበረንዳ ሆነው እንዳይጠረጥሩ ጥቁር ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ባለ ቀለሙን ለብሰው ነበር ከሕንጻው የሚወጡት። እማዬም አንዷ ነበረች። ጥቁር ቀሚሷ ከዳቦ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ሆኖ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ ዓርብ ወጥቼ ሰባት ስምንት ነካሁ።

«አይነሣም» አልኩ።

«አይነሣም?» አሉ።

«መስመር የለም መሰለኝ።»

«እሺ» አሉ። «'ቅጥፈት' ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። እመኑኝ፣ ምንም አልጠረጠርኩም። ሁልጊዜም ክፉ ቃል ነው የሚያስጽፉኝ።

ሁለተኛው ዓርብ እንደዚያው። ሦስተኛው እንደዚያው። በአራተኛው ዓርብ ስልኩን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሊአት፣ ዘነበች ሰኞ ዕለት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ስመኝዬ፣ እንደምን አደርሽ' አለችኝ። ስመኝዬ! ፌስታሌን ተቀብላ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣችልኝ። ማክሰኞ ከታች ያለችው ጎረቤት ሎሚ አመጣችልኝ። እናትሽ ደረጃ ላይ ጉንጬን ሳመችኝ። እናትሽ! አንድ ወር ሙሉ የደረጃውን ብረት ማንም አላጠበም።» ወደ እኔ ዞሩና «ይሄ ሰፈር እንዲህ ከወደደኝ ሰው ሞቶብኛል ማለት ነው» አሉ።

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ደግሞ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ስኳር የለበትም። የወንድሜ ቁጥር መጨረሻው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ጢጥ፣ ጢጥ። አንቺ አራት ዓርብ ሙሉ የመጨረሻውን ሌላ ድምፅ አሰማሽኝ። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ፤ አልነገርሽኝም። መልኬ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«መቼ?»

ነገርኳቸው። ዳኒንም፣ ናሕሊኤልንም፣ ፌስታሎቹንም። እያለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። አልወደቁምም። እጃቸው ብቻ የስልኩን ጀርባ እየደባበሰ ነበር፤ የሕፃን ራስ የሚደባብሱ ይመስል።

«ልጄ ይወደኛል» አሉ በመጨረሻ። «ብርጭቆ መስዬው ነው። እኔ እኮ ሱዳን በረሃ ውስጥ እናቴን በእጄ አፈር ያለበስኩ ሴት ነኝ። ያኔ ማንም 'አትችይም' አላለኝም።» ቀና አሉ። «ሠላሳኛው ቀን መቼ ነው?»

«እሑድ። ከሰዓት። እትዬ ትሁን ቤት አዝካራ አለ።» አዝካራ የሙት መታሰቢያ ነው፤ ሰው ይጠራል፣ ይበላል፣ ይለቀሳል።

«ለእነሱ አንድ ወር ደብቀሽላቸዋል። ለእኔ ደግሞ ሁለት ቀን ደብቂልኝ።»

እሑድ ዕለት ወደ ላይ ስወጣ ዳኒ ቀድሞ ሄዷል። እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን ለኀዘን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የኪኒን ሣጥናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። «እይ፤ የጠዋቱን ውጫለሁ፤ የእሑድ ቤት ባዶ ነው። ኋላ 'መድኃኒቷን ትታ ነው' ሲሉ ምስክር ትሆኚያለሽ።» አውቶቡስ ውስጥ ክርኔን አጥብቀው እንደያዙ ናሕሊኤል ደረስን።

እትዬ ትሁን የሚኖሩት ምድር ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ወንዶቹ በሌላ ተቀምጠዋል። እትዬ ትሁን ፍራሽ ላይ ናቸው። ዳኒ ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዞ ያዞራል። መጀመሪያ ያዩን እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ውይ ጉዴ! ማን አመጣት?»

ወሬው ሁሉ ቆመ። እትዬ ስመኝ ክርኔን ለቀቁ። ድንኳኑ መሃል ገብተው፣ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀመሩ። አልቃሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር! ማንም አልነገረኝም። ለካ በሀገራቸው ልቅሶ ላይ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«ስኳር ቢይዘኝማ ጠያቂዬ ብዙ ነው፣
ልቤ የታመመ ዕለት ደጄን የዘጋው ማነው?»

ሴቶቹ «ወይኔ! ወይኔ!» ብለው ተቀበሉ። ወግ ነው፤ ደማቸው ውስጥ ነው፤ አፋቸው ሳያስቡት ነው የተቀበለው። ከዚያ ማንን እየተቀበሉ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው አንድ በአንድ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እትዬ ስመኝ ብቻቸውን ቀጠሉ።

«እብድ አይችለውም ብለው የደበቁኝ፣
አንተን ቀበሩና እኔን አፈር ጫኑኝ።»

ደረታቸውን መቱ። ነጠላቸው ወደቀ። እዚያው ድንኳን ውስጥ ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሎች ሴቶች ይሄንኑ ሲያደርጉ «አቤት፣ ስታውቅበት!» ተብሎላቸዋል፤ እማዬ ነግራኛለች። ለእትዬ ስመኝ ግን እትዬ ዘነበች ብድግ ብለው «ተነሣባት! ይኸው ተነሣባት! ዳኒ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ጥራ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ሌሎቹም «ጥራ! ጥራ!» አሉ። ዳኒ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጦ አምቡላንስ ጠራ። ልቅሶ ያለቀሰች ሴት ላይ!

አምቡላንሱ ደረሰ። የመጣው ወጣት ኪፓ የሚባለውን የአይሁድ ቆብ ያደረገ፣ ከእኛው ልጆች አንዱ ነው፤ አማርኛው እንደ ዳኒ ስብርብር ያለ። ቦርሳውን ይዞ ገባና «ማን ነው የታመመው?» አለ። ሁሉም ጣት ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ጭንቅላቷ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

ወጣቱ እትዬ ስመኝ ፊት በርከክ አለ። «እማማ፣ ምን ያምዎታል?»

«ወንድሜ ሞቷል» አሉት።

ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ለካ። ግፊታቸውን ለካ። ተነሥቶ ዳኒን ወደ ጎን ጠራው፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ስኳሩም ግፊቱም ደህና ነው። ለምንድን ነው የጠራኸኝ?»

«እያለቀሰች ነው» አለ ዳኒ።

«ወንድሟ መቼ ሞተ?»

«ሠላሳ ቀን ሆነው።»

«መቼ ነገራችኋት?»

«አልነገርናትም» አለ ዳኒ።

«ወንድሜ» አለው ወጣቱ፣ «ይሄን የት ልውሰደው? ሆስፒታል አድርሼ 'ምን ሆነች?' ሲሉኝ 'ወንድሟ ሞቶ አለቀሰች' ልበላቸው?» ከዚያ ወደ እትዬ ስመኝ ተመልሶ በሁለት እጁ እጃቸውን ያዘና «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው።

በሠላሳ ቀን ውስጥ ይሄን ያላቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እኔ እንኳ አላልኳቸውም ነበር። ሁሉን ነገር የሚለፈልፈው አፌ ይቺን ረስቷታል።

እትዬ ትሁን ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉ። አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁ። «ስመኝ፣ ነይ» አሉ። እትዬ ስመኝ ተቀመጡ። እህትየው ነጠላቸውን ከመሬት አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸውና «ቀጥይ» አሏቸው። ቀጠሉ። ከሴቶቹ ግማሾቹ ተቀበሉ፤ ግማሾቹ አልተቀበሉም። እማዬ ተቀበለች። እትዬ ዘነበች ፌስታላቸውን አንሥተው ወጡ። ዳኒ መሬት ላይ ያስቀመጠው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እናቱን ቆሞ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተለወጠ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ቅጥፈት ነው። በማግስቱ ሰኞ እትዬ ዘነበች ደረጃ ላይ ሲያገኙን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለፉ። ማታውን ብረቱ በሳሙና ታጠበ። እትዬ ስመኝ እርጥቡን ብረት በእጃቸው ዳሰሱና እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ተመስገን፣ ጠሉኝ! ማንም አልሞተብኝም ማለት ነው።»

ድብርቱም አልለቀቃቸውም። በቀጣዩ ክረምት ስድስት ሳምንት ተኙ። ያንን ሁሉ ያመጣው የወንድማቸው ሞት ነው እንዳይባል እሳቸው ራሳቸው በበሩ ሥር ወረቀት አወጡልኝ፤ «በየክረምቱ ነው። ከመልኬ ጋር አታገናኙት» ይላል፤ ፊደሉ ተንጋዶ፣ መስመሩ ወርዶ። በጸደይ ተነሡ። «ቁ» እና «ቅ» እየተምታቱብኝ መሆኑን ሲያዩ «ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር፣ ዝንጉ!» ብለው ሰደቡኝ። ደስ ብሎኝ ሞትኩ። ዘንድሮ ኩላሊታቸው ደከመ። እውነት ነው፤ የገደላቸው ስኳሩ ነው። እትዬ ዘነበች በዚህስ አልዋሹም።

ግን ሰባቱን ቀን ልቅሶ ላይ ስቀመጥ የምሰማው «ስኳር፣ ስኳር» ብቻ ሆነብኝ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ስኳር ነዋ። «ደግ ነበረች፣ ዝምተኛ ነበረች» ይላሉ። ዝምተኛ! ዳኒም ለሚጠይቀው ሁሉ «ስኳር ነበረባት» እያለ ይመልሳል። አራት ዓርብ ሙሉ ሰባት ስምንት የነካችው ጣቴ አላስቀምጥ አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ማርከሬን አወጣሁና ከዕብራይስጡ ወረቀት ሥር ሌላ ለጠፍኩ፤

«ወይዘሮ ስመኝ ድብርት ነበረባቸው። ስኳርም ነበረባቸው። ሁለቱንም ሳያፍሩ ታመሙ። ልቅሶ አዋቂ ነበሩ። ሊአት ከሁለተኛ ፎቅ።»

አሁን የሚቀጥለውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ አስቤው ቢሆን የበለጠ አዋቂ እመስል ነበር። የእኛ ሕንጻ ትልልቆቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጆቹ ደግሞ የሚያነቡት ዕብራይስጥ ብቻ ነው። ያንን ወረቀት ማንበብ የምንችል ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ ሞታለች። ስለዚህ ከሰዓት ስመለስ መግቢያው ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ከታች ያሉት ሴትዮ።

አነበብኩላቸው። «ድብርት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ወረደ፤ ግን አነበብኩት። ሌላ ሰው መጣ። «ምን ይላል?» ደግሜ አነበብኩ። ሦስተኛ መጣ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ በአራተኛው ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ሆነ። እትዬ ዘነበች ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡ፣ «ድብ...» ስል «አልሰማሁም፣ አልሰማሁም» እያሉ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ።

በመጨረሻ ዳኒ መጣ። ጺሙ አድጓል። ወረቀቱ ፊት ቆመ፤ የእናቱን የእጅ ጽሑፍ የሚመስለውን የእኔን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አየ። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

አነበብኩለት። ከመጀመሪያው እስከ «ሁለተኛ ፎቅ»።

«የትኛውን አስቀደምሽ?»

«ድብርቱን።»

ወረቀቱን ደግሞ አየው። ከዚያ ጣቱን የደረጃው ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ። አለቀ፣ ሊቀደው ነው ብዬ እጄን ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ ወደ ሦስተኛው ፎቅ አየ። እዚያ ላይ አንድ በር በትንሹ ተከፍቶ ነበር።

«ጮክ አድርገሽ ድገሚው» አለኝ። «እትዬ ዘነበች አልሰሙም።»

ጮክ አድርጌ ደገምኩት።